ምኑ ይቅር?

ደብረ ብርሃን፣ ጥር፣ ጠዋት፤ ብርዱ ብረት ይነክሳል፤
ይርዳው ቁልፍ ሲጨብጥ፣ ቁልፉ ጣቱን ይልሳል።
ሞተሩ ከሆዷ ወጥቶ ማዳበሪያ ላይ ተኝቷል፤
አንድ በአንድ ተፈቶ፣ በናፍጣ ታጥቦ፣ እንደ ገብስ ተሰጥቷል።

ሺህ መቶ ፊያት ናት፣ ግራጫ፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤
እኔ ስቆም ትቆማለች፣ እኔ ሳስል ታስላለች።
ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ስወጣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፤
ሰዓቱ ቆመ። እሷን ገዛሁ። ጎረቤቶቼ አበደ አሉኝ።

በእጄ ያለው አርባ ሁለት ሺህ፤ ብቆጥረው ብቆጥረው አልጨመረም፤
ሁለት ሙክት ሸጬበታለሁ፣ የሦስተኛው ዋጋ አላማረም።
የይርዳው ሒሳብ ደግሞ፣ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ተጽፎ፣
ከዘጠና ሺህ ይጀምራል፤ የእኔን እጥፍ አልፎ፣ ተርፎ።

«ፒስተን አራት፣ ከነፋሻው። ቫልቭ ስምንት። ብሮንዚና።
የዘይት ፖምፓ። ካንዴላ። ጓርኒሲዮን ሙሉውን።
ኮሎው ደግሞ ቶርኖ ይግባ፤ ተበልቷል፣ ተመልከትና።»

ጥፍሬን አስኬድኩበት፤ ቦይ ቦይ ሆኗል ገላው፤
ዘይት ሲበላ ኖሮ፣ ዛሬ ኪሴን ሊበላው።

«ምኑ ይቅር?» አልኩት። ዝም አለ። ይርዳው ዝም ሲል ያስፈራል፤
የመካኒክ ዝምታ ከአፉ ይልቅ ዋጋ ይናገራል።

አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ በስልክ ፎቶ ላከልኝ፤
የሚያብረቀርቅ የፊት ፍርግርግ፤ «አስራ ስድስት ሺህ ብቻ» አለኝ።
«በድን አይኳልም» አለ ይርዳው፤ ስልኬን ኪሴ ከተትኩት።
ሲመሽ ግን፣ ልደብቅ አልችልም፣ ደግሜ አውጥቼ አየሁት።

ማግስቱን በሚኒባስ ወረድን፤ የጣርማበርን ዋሻ አለፍን፤
ጉም ለብሰን ገብተን፣ ጉም አውልቀን፣ ሸዋ ሮቢት ካፖርት ገፈፍን።
በሰይድ አረቡ ግቢ፣ ከማንጎው ሥር፣ እህቷ ቆማለች፤
ጎማ የላት፣ በር የላት፤ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋለች።
ሰይድ ኮሎውን ከአልጋው ሥር ሳበ፤ በግሪስ በጨርቅ ጠቅልሎታል፤
ዋጋ ሲጠራ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሃያ ሺህ ማለት ከብዶታል።

ይርዳው ማይክሮሜትር አወጣ፤ ክርክሩን ትቶ፣ ለካ፤
ብረት ከሰው የሚሻለው፣ ሲለካ አይዋሽም ለካ።
«ቶርኖ ነክቶት አያውቅም» አለኝ በጆሮዬ፣ ድምፁን አጥፍቶ፤
«የእኛን ማስሞረዱ ቀረልን» አለ፣ ፊቱ ፈክቶ።
ሙክቱን አከልኩ፣ አስራ ሁለት ሺህ ሰጠሁ፤
የደጋ ፀጉሩን ለብሶ ቆላ እንዳያልበው ብቻ ሰጋሁ።

ፒስተንና ፋሻ አዲስ፤ ብሮንዚና አዲስ፤ እዚህ ላይ ስስት አይገባም፤
ቫልቮቹን በመዳፉ እያሸ ያስማማል፤ ሳምንት ቢፈጅም አይከፋም።
ካርቡሬተሩ ይታጠብ። ዲናሞው ባለበት ይክረም።
ቀለሙ ይቅር። ፍርግርጉ ይቅር። ሬዲዮው ድሮም አልዘመረም።

የዘይት ፖምፓ ላይ ተጣላን፤ እኔ «አሮጌው ይሠራል» አልኩኝ፤
«ደም የማይረጭ ልብ ይዘህ ሂድ» ብሎ መፍቻ ወረወረብኝ።
አልመታኝም። ፖምፓውን ገዛሁ። የክረምት ጫማዬ ቀረ፤
ፓኮው ጀርባ ላይ ያልተጻፈው፣ በእኔ እግር ተቆጠረ።

መጋቢት ስምንት፣ ገና ሳይነጋ፣ «አዙር» አለኝ። አዞርኩ፤ ሳለች።
ደግሜ አዞርኩ። አስነጠሳት። ከዚያ፣ ሳልጠብቃት፣ ተናገረች።
ይርዳው ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ተክሎ አዳመጠ፤
ሣቅም ቁጣም ሳያሳይ፣ ሲጋራውን ለኮሰና ተቀመጠ።

«ከአርባ በላይ እንዳትነዳት» አለኝ፣ «አዲስ ፋሻ ገና ይላመዳል»፤
አንድ ሺህ ኪሎሜትር እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ በሽማግሌ ይነዳል።
በአንኮበር መንገድ ጋሪ ይቀድመኛል፤ ባለጋሪው ዞሮ ይስቃል፤
እኔ የማዳምጠው ሌላ ነው፤
ከአራቱ እያንዳንዱ
ተራውን ይጠብቃል።