ቅሉ ስንት ጊዜ ሞላ

ከበሩ አጠገብ፣ ከጭቃው ግድግዳ ላይ፣
በከሰል የጫርኩት ሰረዝ ሁሉ ሲታይ፣
የሩዝ ነጋዴው መጥቶ «ዕዳ ነው ወይ?» አለኝ።
ዕዳስ ዕዳ ነው፣ ያንተ ግን አይደለም አልኩኝ።

የውሃ ቁጥር ነው።
ምራቴ ሱክማቲ አንድ ቅል በጠጣች ቁጥር አንድ እጭራለሁ፤
ስድስት ሳይሞላ ከመሸብኝ፣ እንቅልፍ አጣለሁ።

ጃግዳልፑር ሆስፒታል፣ ሐኪሟ ብዕር አንስታ፣
«ጤነኛ ደም ይሄ ነው» ብላ ክብ ሳለች በእርጋታ፤
ከጎኑ ሌላ አጎበጠች፣ የማጭድ መልክ ሰጥታ።

ማጭድስ አውቃለሁ።
አርባ መኸር ዳጉሳ ያጨድኩ ሴት ነኝ፣
ጠባሳው እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ ያለኝ።
«ደሟ ማጭድ ከሆነ፣ የሚያጭደው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።
ሐኪሟ ዝም አለች። ሱክማቲ
ጉልበቷን ያዘች።

ሴት ልጅ ነበረችኝ፤ ረቡዕ ተወልዳ ቡድሪ ያልናት፣
በዝናብ ወር «አጥንቴን» ስትል እሳት ዳር ያስቀመጥናት፣
ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ደጅ ለደጅ፣ ጠንቋይ ለጠንቋይ ያዞርናት።
ስታረግዝ ደግሞ
(ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም)
«ልጁ እንዳይገዝፍብሽ ግማሽ ሳህን ብይ» ያልኳት እኔ ነኝ፤
እናቴም ለኔ እንዲሁ ነበር የመከረችኝ።
ውሃውንም «ያሳብጥሻል» ብዬ ቀነስኩባት።
የማህዋ አበባ ሲረግፍ፣ ከነልጇ ቀበርናት።
የሷን ቅል ማንም አልቆጠረላት።

አሁን ጎህ ሲቀድ የዳጉሳ አጥሚት አፈላለሁ፤
የሽፈራው ቅጠል ሸምጥጬ ከምስር ጋር እቀቅላለሁ፤
ዘይቱናም ከዛፉ፣ ወፍ ሳይቀድመኝ፣ እለቅማለሁ።
እንቁላል አንድ፣ ዶሮዋ ከጣለች፤
ካልጣለች እሰድባታለሁ፣ ጎረቤት ትሰማለች።
ያቺን ትንሽ ቢጫ ክኒን፣ ፎሊክ አሲድ የሚሏትን፣
ቆሜ ነው የማስውጣት፤ አላምናትም እሷን።
ልጄ ላክሙ ከጡብ ምድጃው አገር ሲደውል፣
«ወንድ ነው ሴት?» አይለኝም፤ «ዛሬ ስንት ሰረዝ?» ነው የሚል።

ደግሞም ተሳሳትኩ።
«ደም አንሷታል» ብዬ፣ ከጎረቤት የለመንኩትን ቀይ ክኒን
ሁለት ሁለት እያልኩ አዋጥኳት ሳምንቱን።
ፉልባቲ፣ የመንደሩ ጤና ሠራተኛ፣ ከጣሳው ውስጥ አግኝታ፣
እፍኟ ላይ ዘርግፋ አሳየችኝ ተቆጥታ፦
«የዚች ልጅ ደም ቢያንስም ብረት ላያንሳት ይችላል፤
ስንቴ የሰው ደም ወስዳለች፣ ጉበቷ ውስጥ ተከማችቷል፤
ሳይለካ ማን ስጪ አለሽ?»
ልጄ ትሆናለች በዕድሜ። አንገቴን ደፋሁ።
በማሳነስ አንዷን፤ በማብዛት ሌላዋን ልቀብር ነበር።
መጥኖ መደቆስ፣ ድስት ጥዶ ከማልቀስ፣ የሚባለው
ለካ ለበርበሬ ብቻ አይደለም።

ዛሬ ስምንተኛ ወሯ ነው። ሙቀቱ ግድግዳውን አላብቶታል፤
ጉድጓዱ ጎድሏል፣ ገመዱ አጥሮኝ በነጠላዬ ቀጥየዋለሁ።
ስድስተኛውን ሰጠኋት።
«እማ፣ በቃኝ፣ ሆዴ ኩሬ ሆነ፤ ልጁ ዋናተኛ ሆኖ ሊወጣ ነው» አለች።
ሳቀች። ሲያማት እንኳ ጥርሷን ነክሳ እንጂ
ጮኻ የማታውቅ ልጅ፣ ዛሬ ሳቀች።
ግማሹን ጠጣችና ቅሉን ወደኔ ገፋች፦
«ይሄን አንቺ። ከንጋት ጀምሮ አልቀመስሽም፤
እኔም እቆጥራለሁ፤ በከሰል ባይሆንም።»

ጠጣሁት። ጥማት እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።

ከሰሉን አንስቼ ቆምኩ፤ ምን ብዬ ልጫር?
ግማሽ ሰረዝ ጫርኩላት።
ግድግዳው ሞልቷል።
ነገ ከጓሮው በኩል እጀምራለሁ።