ለሰው ስንት ውኃ?

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሰቱባል፣ ዓሣ ገበያ፣
ከኔ ሰርዲን ወዲያ፣ ከዴኦሊንዳ የጨው ዓሣ ወዲህ፣ ባለችው መተላለፊያ፣
ነርሷ ኢሪያ መጥታ ጠረጴዛ ዘረጋች፤
አንድ ወንበር፣ አንድ ደብተር፤ «የደም ግፊት በነፃ» የሚል ካርቶን ደገፍ አርጋ አቆመች።

«እቴ፣ ከጨው አጠገብ ምን ገፍቶ አመጣሽ?
ደንበኛ ልታባርሪ ነው? ሌላ ቦታ አጣሽ?»
አለች ዴኦሊንዳ፣ ድምጿን ሳታሰማ፤ ሁሌም እንደዚያው ናት።
ከኋላዋ ዓሣው ተደርድሯል፣ እንደ ጣውላ ደርቆ፣
ጀርባው በጨው ነጥቶ፣ ሆዱ ተሰንጥቆ።

ማንም አልተቀመጠም።
አንዱ «ቸኩያለሁ» አለ፣ ሌላው «ጤነኛ ነኝ»፣
በረዶ ጫኙ ሎሬንሱ፣ «ሳይነግሩኝ ይግደለኝ»።
ሰው ዓይኑን እያሸሸ በሩቅ ሲዞራት ባይ፣
አሳዘነችኝና ቁጭ አልኩ ወንበሩ ላይ።
እኔ ፊርሚኖ! ዋጋ ስጠራ ጣራ የማናጋ፣
ስለ አምስት ሳንቲም ከወንድሜ የምዋጋ!
«ማሽኑ ዛሬ ፈነዳ» ብለው ከበቡኝ።
ማሰሪያው ክንዴን አነቀ፤ ተነፈሰ፤ ለቀቀኝ።
«መቶ አስራ ስምንት በሰባ ስድስት» አለችኝ።
ገበያው ቅር አለው።

ወደ ስድስት ሰዓት፣ ወለሉ ሲታጠብ፣ ሰው ሲሳሳ፣
ኢሪያ ደብተሯን ዘግታ ልትሄድ ስትነሳ፣
ምን እንደነካት እንጃ፣ ዴኦሊንዳ ሽርጧን ፈታች፤
እጇን ጠረገችና «በይ እስቲ» ብላ ተቀመጠች።

ሁለት መቶ ስምንት በመቶ አስራ ስድስት።

«ማሽንሽ ተሳስቷል።»
ኢሪያ ምንም ሳትል ሌላውን ክንድ አሰረች፤
አምስት ደቂቃ ጠበቀች።
ከጠረጴዛዎቹ ውኃ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
ያው ነው።

«እኔን እኮ አያመኝም!»
«አዎ፣ አያምም። ቢያምማ እናንተ ትመጡ ነበር፤
ስለማያም ነው እኛ ጠረጴዛ ተሸክመን ገበያ የምንዞር።»

ሠላሳ አራት ዓመት ኑሮ ስትገፋ አይቻታለሁ።
ባሏን ባሕር ሲወስደው፣ ልጇ ሉክሰምበርግ ሲቀር፣
ቃል አልወጣትም ነበር።
እኔ እየጮህኩ የተፋሁትን እሷ ስትውጠው ኖራ፣
ለካ የገፋችው ሁሉ መልሶ ይገፋታል፣ ከውስጥ እየተንጠራራ፤
ብዬ ብናገር፣ ኢሪያ ሰማችኝና፣
«ፍልስፍናህን ተው፤ የሚጮኸውንም ይይዘዋል፤ ለዓመት ተመለስና
ተለካ» አለችኝ።

ዴኦሊንዳ የሰኞ ቀጠሮዋን ይዛ ወደ ዓሣዋ ዞረች።
«ለዚህ ሁለት ሌሊት ይበቃዋል» አለች፣
«ጠዋት ማታ ውኃውን ስትቀይሪለት ጨዉን ይለቃል።
ለሰውስ፣ ልጄ? ለሰው ስንት ውኃ ያስፈልገዋል?»

ኢሪያ አሰበች። «ዓሣው ሞቷል፤ አይከራከርም።
አንቺ በሕይወት አለሽ፤ በሁለት ሌሊት አያልቅም።»

ከዚያ የሆነው ይኼው ነው፤ ብዙም ወሬ የለው፤
ወረቀቷን እንደ ቁራጭ ዓሣ ሚዛኗ ላይ ጣለችው።
ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም።
እሷ ግን ለረጅም ጊዜ ዓይኗን አላነሳችም።