የግድ የሚሞላ

ከጎማ ቤት በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ፣
ከአዳማ ነፋስ ጋር መስኮት ስንናጠቅ፣
ኩለኒ መጣች።
ፋይል አላቀፈችም፣ ማህተም ያረፈበት፤
አውራ ጣቷ ላይ ነው የስታኞ ምልክት፣
ፍራንኮ ጥግ ቁጭ ብላ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ስልክ የፈታችበት።

"የጭነቱ ሂሳብ፣ መኪናው ሞጆ ሲደርስ፣
ሁለቴ ይቆጥራል፤ ስንቱ ባለዲግሪ..."
ብዬ ሳልጨርስ፣
"ሾፌሩስ?" አለችኝ፣ "ኔትወርክ ሲጠፋበት
ምን ያደርጋል ታዲያ?"
"ደግሞ ይጫናላ!" አልኩና ሳቅሁባት፤
ሳቄ ቀዘቀዘ ከሻዬ በፊት።
ለካ እዚያ ነበር፣ ከሾፌሩ ጣት።

በአራት መስመር ዘጋችው።
"ነገ ጀምሪ" ብዬ ቅጹን ከፈትኩላት፤
ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ፣ እየጠየቅኋት፣
"የዲግሪ ቁጥር" ሲል ዝም አልን ሁለታችን።
ባዶ ብናልፈው በቀይ ጻፈብን፦
የግድ የሚሞላ።

ያን ቅጽ የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ድሮ፣
ዲግሪዬን በመስታወት የሰቀልኩት ቀን።

"ይሄስ" አለች ቀስ ብላ፣ "ስህተት ነው ወይስ ሕግ?"
ወንበሬን ለቅቄ
ቆምኩኝ ከመስኮቱ ጥግ።