ዐይን

ዓኮ፣ ከድሮው ወደብ ጀርባ፣ ባሕር በሚልሰው ቤት፣
ጨው ግድግዳውን በልቶት ኖራው በሚረግፍበት፣
ገል እጠግናለሁ። ሥራ ነው፤ እኖርበታለሁ፤
የሙታንን ዕቃ በለስላሳ ብሩሽ አጥባለሁ፣
ጆሮውን ካንገቱ፣ ከንፈሩን ከሆዱ አገናኛለሁ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ድሮራ ሣጥን ይዛ ገባች፤
«ካክዚብ መቃብር ነው፣ የፊንቄ ሰዎች» አለች።
«ቀስ ብለሽ፣ ጥሩአይነት፤ ሕፃን ናት የተቀበረች።»

ጥጡን ገለጥሁ።
ከላይ አንዲት ማንቆርቆሪያ፣ ቀይ ቀለም የተቀባች፣
ከንፈሯ እንደ እንጉዳይ ቆብ ወደ ውጭ የተዘረጋች፣
ሦስት ቦታ ተሰብራ አንገቷን ያልሰበረች።
ከሥሯ ጢንዚዛ፣ ከነጭ ድንጋይ የተቀረጸች፤
በሆዷ የግብጽ ጽሕፈት፦ ወፍ፣ ሸምበቆ፣ ፀሐይ፤
ጠራቢው ፊደል ሳያውቅ የቀዳው ከሌላ ድንጋይ።
ድሮራ በማጉያ አይታ፣ «ትርጉም አልባ ናት» አለች።
ዝም አልሁ። እናቴ ክንዴ ላይ ያሰረቻት ክታብስ
መቼ ተነበበች?
ታመነች እንጂ።

ከሁሉም በታች ዐይን።
የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ አረንጓዴ፣ ባለ ቅንድብ፣
ከሥሯ አንድ የእንባ መሥመር፣ የማይወርድ፣ የማይነጥብ።
ከዓባይ አፍ ተነሥታ፣ በበፍታ ጥቅል መካከል መጥታ፣
ሕፃኗ ደረት ላይ አረፈች፤ እናት ፈርታ፣
የሰው ዐይን እንዳይበላት።
የፊንቄ ነጋዴ ያውቃል፦ ፍርሃት በመንገድ አይሻግትም፤
ከሐምራዊ ቀለም ጎን ይጫናል፤ ገዢ አያጣም፣ አይከስርም።

እኔም የዓባይ ነኝ፤ እሷ ካፉ፣ እኔ ከራሱ አጠገብ።
ግን እጄ ቀጥ አለ።
ያቺ እናት የፈራችው የኔን እናት ነዋ።

ወለቃ፣ ሐሙስ ገበያ፣ እናቴ ሸክላዋን ስትዘረጋ፣
ሴቶቹ የሕፃን ፊት ይሸፍናሉ፣ ዐይኗ እንዳይወጋ።
ድስቷን አንኳኩተው፣ ድምፁን ሰምተው፣ ተከራክረው ይገዛሉ፤
«ጭቃ ያቦካ እጅ ማታ ጅብ ነው» ይላሉ።
በሠራችው ይበላሉ። ካየቻቸው ይታመማሉ።
እሷም ዐይኗን መሬት ጣለች። እኔ ከዚያው ላይ አነሣሁት፤
ዛሬም ዓሣ ተራ፣ ሕፃን በጋሪ ሲያልፍ ካጠገቤ፣
የዓሣ ቅርፊት እቆጥራለሁ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ ከልቤ።

ማንቆርቆሪያዋን ገለበጥኋት።
ከጆሮዋ ሥር ጎድጎድ ያለ፣ የሠሪዋ አውራ ጣት።
የኔን አገባሁበት፤ ልክ።
ሴት ትሁን ወንድ አላውቅም። ጣቱ ግን ትንሽ ነው።
ከጎኑ፣ ጭቃው ሳይደርቅ በሹል የተጫረ፣ አንድ ክብ።
«ፊደል ነው» አለኝ ወጂህ፣ ረዳቴ፣ የይርካ ልጅ፤
«በነሱ ዐይን ይባላል።»
«በኛም» አልሁት።
ዐይኑ ዐ። ቄሱ በአለንጋ ያስቆጠሩን።
በድምፅ ካልፋው አ አትለይም፤ ስንቱ ግዴለም ብሏት፣
ጋዜጣውም ማመልከቻውም ረስቷት፣
ይኸው ከወደብ ወደብ ዞራ፣ ስንት መንግሥት ቀብራ፣
ክብነቷን ሳትሸጥ፣ ሳትደፈን ኖራ፣
ከአንድ የሸክላ ጆሮ ሥር ቁጭ ብላ ታየኛለች።

መዝገቡ ላይ «ጥቅም» የሚል መሥመር አለ፤ መሞላት አለበት።
«ከክፉ ዐይን መከላከያ» ብዬ ጻፍሁ።
ከዚያ ብዕሩ ቆመ። ከማን?
ለዚህ መሥመር አልተሰመረለትም።

ወጂህ ወደ አውቶቡሱ ሮጧል። ድሮራ ስልክ ላይ ናት።
ያቺን ትንሽ ዐይን መዳፌ ላይ አስቀምጬ፣
መብራቱን አቅርቤ፣ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣
አየኋት። ሳልሰብር፣ ሳልቆጥር፣ አየኋት።

የሚሸፍናት እናት አልመጣችም።