ሞቀ

ያን ሌሊት የእኔ ሥራ ብዕር መያዝ ነበር፤
ሰዓት ማየት፣ መስማት፣ መጻፍ፤ ከዚያ በቀር
አንዳች እንዳልነካ፣ ከግድግዳው ሥር።

ዊኒፔግ ናት። ጥር ነው። ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት።
የአምቡላንሱ በር ሲከፈት
ሳያንኳኳ ቀድሞ ገባ ብርዱ፣ እንደ አበዳሪ፤
ከኋላው ቃሬዛ፤ የስድሳ አንድ ዓመት ሰው፣ የተማሪ አውቶቡስ አሽከርካሪ፣
በረዶ ሊጠርግ ወጥቶ ደጁ ላይ የወደቀ፣
አካፋው ከመዳፉ ጋር የደረቀ።
ያገኘው ጎረቤቱ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤
የሰውየውን አንድ ጓንት እንደ ጫጩት አቅፎ ይዟል።

ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት፦ የልብ ምት የለም።
ዘጠኝ ከአሥራ ሦስት፦ ደረቱን መጫን ጀመረ ግራሃም፤
ጮክ ብሎ እየቆጠረ። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ፣ ማንም ሳይገፋ፣
ከእጁ ሥር የሮዌና እጅ ገባ፣ አንዲት ምት ሳትጠፋ።
ዶክተር ሃላይና ከእግርጌ ቆማለች፣ ክንዷን አጣጥፋ።
አትጮህም። ትናገራለች፤ ትጠብቃለች፤
ቃሏ ዞሮ እስኪመጣላት ሌላውን ከአፏ ታቆያለች።
‹‹የሞቀ ፈሳሽ፣ አንድ ሊትር።››
‹‹የሞቀ ፈሳሽ፣ አንድ ሊትር፤›› ይላል ዱዌይን፣ ከመርፌው ዘንድ፤
‹‹ገብቷል፤›› ይላል ቆይቶ። እጽፋለሁ፤ ዘጠኝ ከሃያ አንድ።

አዝማሪ ቤት ያመሸ ያውቀዋል፤ ይሄ ‹‹ተቀበል›› ነው፤
አንዱ ግጥሙን ሲሰጥ ሌላው ሳያጎድል የሚመልሰው።
እዚያ ቃል ቢዛባ ቤቱ ይስቃል፤
እዚህ አንዲት ነጥብ ብትዘለል ሰው ይወድቃል።

አሥር ከሃያ። መስመሩ ቀጥ ብሏል፣ እንደ ሜዳ አገር ጎዳና።
ስክሪኑ የሙቀቱን ልክ ሠላሳ ሦስት ይላል። ዶክተር ሃላይና
ሰዓቱን አየች፤ እኛን አየች፤ በየፊታችን ዞረች፤
‹‹ሞቋል፤ ልቡ ግን አልተነሣም። ላቆም ነው፤›› አለች፤
‹‹ያለፈኝ ነገር አለ? ያየ ይናገር።››
(ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ነው የፈጀሁት፤ ይህቺን ከማለት
ምላሱን ቢቆርጥ የሚመርጥ ሐኪም ነበር፣ ስሙ ይቅር።)

ዝም አልን። ማሽኑ ብቻ ነው የሚተነፍሰው።
ኬንድራ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ድምጿን የሚያውቀው ጥቂት ሰው።
ብርድ ልብሱን ገልጣ አየች፤ ጎንበስ እንዳለች ቀረች።
‹‹ሽቦው... ይቅርታ... ሽቦው ወጥቷል፤›› አለች፤
‹‹የሚለካው ሰውየውን አይደለም፤ ማሞቂያውን ብርድ ልብስ ነው።››
እስከ ጆሮዋ ቀላች፤ ጥፋቱ የራሷ ይመስል፣ ቀና ሳትል ወደ ሰው።

መልሰን አስገባነው። ሃያ ስድስት።
በእኔ ቋንቋ ‹ሞተ› እና ‹ሞቀ› ልዩነታቸው አንዲት
ፊደል ናት፤ ልቤ ‹ሞ›ን ጽፎ ጨርሶ ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ
‹‹አመሰግናለሁ ኬንድራ፤›› አለች ዶክተሯ፤ ‹‹እንግዲያው ይሙቅ።››

‹‹ይሙቅ፤›› አለ ዱዌይን።
‹‹ይሙቅ፤›› አለ ግራሃም፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ፣
እንደገና ገባበት፣ ተራውን ከሮዌና ነጥቆ።

አሥራ አንድ ከስምንት፦ ሠላሳ ዲግሪ። መስመሩ ተንቀጠቀጠ፣ ንፋስ እንደ ነካው ሣር።
‹‹ሁሉም ዞር!›› አንድ ንዝረት።
ከዚያ አንዲት ምት፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ዳገት እንደ ወጣ ሰው፣ ስታርፍ፣ ስትጀምር።

ማንም አላጨበጨበም። ሮዌና የእጅ አንጓዋን አሸት አሸት አደረገች፤
ዶክተር ሃላይና ወለሉ ላይ የተበተነውን ላስቲክ ለቀመች፤
ኬንድራ የሽቦውን ፕላስተር፣ በጥፍሯ፣ ደግማ ተጫነች።

ጎረቤቱ ሲነገረው፣ ዝም ብሎ፣ ጓንቱን ዘረጋ፦
‹‹አድርጉለት፤ እጁን ይበርደዋል።›› ሊነጋ
ምንም አልቀረውም። ቅጹን በአገሩ ቋንቋ ሞልቼ ፈረምኩ፤
የላስቲክ ጓንቴ ጀርባ ግን ይዞ ነበር አንዲት
ባለ ሁለት ፊደል ቃል። ከነጓንቱ ጣልኳት፣ በሩ እንደገና ሲከፈት።