የጉና ኩሬ

ኅዳር ሊወጣ ሲል፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ
ከናበጋ ተነሣን፣ በሐይቁ ዳር ዳር ልንሄድ።
የሩዙ ገለባ ርሷል፤ ጫማዬ ውሃ ጠጣ፤
እንዳላማው በዱላው ጤዛ እያረገፈ ከፊቴ ወጣ።

የጉና ሥር ልጅ ነው፤ በብርዱ ይስቃል፦
"ይኼስ ምን ብርድ ነው! እኛ ጋ ኩሬው ቆዳ ያወጣል፤
ጠጠር ብትጥልበት እንደ ጫጩት ይጮኻል።
ረፋድ ላይ ግን ፀሐይ ዳር ዳሩን ታየውና
ስንጥቅ፣ ስንጥቅ ይላል፤ ውሃ ነው እንደገና።"

ጉሙ ሲገለጥ ጣና ታየን፤ ግማሹ።
ዳሩ እስከ ዓይን ጥግ እምቦጭ፣
ውሃው ወዲያ፣ መሐል፣ ሸሽቶ።
የአቶ ቢምረው ታንኳ ቆማ ቀርታለች፣ ደንገሏ በስብሶ፤
ያሰራት ሥሩ ነው፣ ገመዷን በጥሶ።
አንዲት ጣተ ረጅም ወፍ ውሃው ላይ ትሄዳለች፣
እንደ ግቢዋ፣ አንገቷን ሰበር ቀና እያደረገች።

እንዳላማው ጠጠር አነሣ፤ ወረወረ።
ጠበቅን።
ድምፅ አልነበረ።

ቀትር ላይ አረፍን። በሶዬን ፈታሁ፤
እሱ አልበላም። ያንን ሐምራዊ አበባ ሲያይ ቆየ፦
"እኛ ጋ ፀሐይ ስትነካው የኩሬው ልብ ይባባል፤
ይኼኛው" አለኝ፣ "ፀሐይ ስትነካው ያብባል።"