ያልተፈረመበት ቃለ ጉባኤ

ከቅዳሴ ወዲያ፣ ከወይራው ጥላ ሥር፣
ሰበካ ጉባኤው፣ የሾላ ምድር፣
አሥራ አንድ ሆነን ተቀምጠናል፤
አጀንዳው አንድ ነው፣ "ውኃ" ይላል።
ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ እስክሪብቶዬ ደክሞ፣
ጫፉን እየነከስሁ፣ እየጻፍሁም ደግሞ።

የታችኛው ምንጭ ነጥፏል ካምና ጀምሮ፣
ባሕር ዛፍ መጠጠው፣ ሥሩ ጠልቆ ኖሮ።
የተከልነው እኛ፤ አጣና ሸጠን፣ ቆርቆሮ
የገዛነው እኛ፤ ማንን እንክሰስ ዘንድሮ?
ልጆች ጄሪካን አዝለው ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ
ሲወርዱ ሲወጡ፣ ትምህርት ቤቱ ቀረ ያለ ሰልፍ።

ከቅጥሩ ውስጥ ግን፣ ከጽዱ ከወይራው መሀል፣
አንዲት ምንጭ አለች፤ ስሟ ነው ጠበል፤
ክረምት ከበጋ ሌሊቱን ስትፈስ ታድራለች፣
ማንም ሳይጠራት ወደ ገደሉ ትሄዳለች።

ዲያቆን ስሜነህ ቆመ፤ ቡሬ ተቀጥሮ
የቧንቧ ሥራ ያወቀ፣ ጣቱ ጠቁሮ፤
"ጠበሉ ከቦታው አይነካ፤ ትርፉን ብቻ፣ የሚፈሰውን፣
በቧንቧ አውጥተን ከበሩ ውጭ እናድርሰውን?
ሦስት መቶ ሜትር ነው፤ በገመድ ለክቻለሁ።"
አለና ተቀመጠ። እንዳለው ጽፌዋለሁ።

ግራጌታ ይሁኔ ብድግ አሉ በመቋሚያ፤
"የተቀደሰ ውኃ ለእግር መታጠቢያ?
ነገ ጨርቅ እጠቡበት፣ በቅሎ አጠጡበት በሉን!
ለዚህ ነው ወይ አባቶች ‘ጠብቁ’ ያሉን?"
አልሳቅሁባቸውም። እናቴ እዚያ ተጠምቃ
ነው በእግሯ የቆመች፣ ከአልጋ ተላቃ።

ዝም ተባለ። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ዘለለ።
አለቃም ዝም፤ ሁሉም ዓይኑን መሬት ጣለ።

መምሬ አንዳርጌ ሳሉ፤ ሲስሉ ሰው ያዳምጣል፤
"ልጠይቅ" አሉ፤ "ግራጌታ ይመልሱልኛል፤
ያ ጎኑ ሲወጋ፣ ውኃው ሲፈስ በመስቀል፣
ጦር ለያዘው ወታደር ‘አንተ ዞር በል’
ብሎት ነበር ወይ? ወይስ ዝም ብሎ ፈሰሰ?"
መልሱ አልተመዘገበም፤ እስክሪብቶዬ ጨረሰ።

ከተማሪ ቤት እርሳስ ተውሼ ስመጣ
ነገሩ ዞሮ፣ የገንዘብ ሆኗል ጣጣ፤
ቧንቧው፣ ሲሚንቶው፣ ማጠራቀሚያው ገንዳ፤
ሣጥናችን ባዶ፤ ያለን የጣራ ዕዳ።
ሴቶች ከደጅ ቆመው ያዳምጡ ነበርና
ወይዘሮ እንጉዳይ ገቡ፣ መቀነታቸውን ፈቱና፣
"ሙት ዓመቱ ለሰኔ ነው፤ በሬ ልጥል፣ ጠላ ልጠምቅ
ያጠራቀምሁት ነው። ሲሞት አፉ ነበር ሲደርቅ፤
‘ውኃ’ እንዳለ ሄደ፣ እኔ ከቆላ እስክመለስ።
ፍትሐቱን አድርሱለት፤ ድግሱ ይህ ይሁን፣ አባ ቄስ።"

ቆጠርነው ብሩን፤ ለግማሹ አይበቃም።
"ይሁን" ያለ የለም፤ "አይሆንም" ያለም የለም።
አለቃ "እንጸልይበት" አሉ፤ ሰዉ ተበተነ፤
"ውሳኔ" የሚለው ቦታ ባዶ ሆነ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዶማ ሰማሁ ከቅጥሩ ጀርባ፤
ሄድሁ። አለቃ ልሳነ ወርቅ፣ ያለ ካባ፣
እስከ ጉልበታቸው ቦይ ውስጥ፤ ስሜነህ ገመድ ይዞ፤
ቅኔ ተማሪው ከኋላ፣ ድንጋይ በትከሻው አግዞ።
ምንም አላሉኝም። አካፋ ሰጡኝ ብቻ።
መዝገቡን አኖርሁት፣ ከድንጋይ ላይ፣ ከአጥሩ ዳርቻ።

ዛሬ ግንቦት ነው። ውኃው ከበሩ ውጭ ይወርዳል፤
ሰልፍ አለው፣ ጠብ አለው፤ አንዳንዴም ይደፈርሳል፤
ሁለት ቀን ተዘግቶም ነበር፣ ቅጠል ገብቶበት፤
ሳሙና እንዳይነካው አንዲት መነኩሲት ቆመውበት።

ግራጌታ ዛሬም አልፈረሙም። ከበረሃ ያስቀዳሉ፤
"የእኔን ጥም ለእኔ ተዉት" ይላሉ።
ልጃቸው ደጊቱን ግን፣ ማታ፣ ሰው ሲቀንስ፣
አየኋት፣ እንስራ ሞልታ፣ በጓሮ ስትመለስ።
ትናንት ቤታቸው ጠጡ፣ ከዚያው ማሰሮ፤
"የበረሃው ውኃ" አሉኝ "እንዴት ጣፈጠ ዘንድሮ!"

አልመለስሁም። መዝገቡን ገልጬ አየሁት ማታ፤
የጭቃ አውራ ጣት አርፎበታል፣ "በውሳኔ" ቦታ።